ጎመንዎን ያጠወለገው ትል አይደለም

ከቀበና ወንዝ ዳር የጻፉልኝ እናት፣ ደብዳቤዎ አጭር ነው፦ «ዝናቡ ሳያቋርጥ ጎመኔ ይጠወልጋል፤ ጥውልጋቱ መደቦቹን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ምን ልርጭበት?» ከግርጌው ደግሞ ላሞችዎ ከመደቦቹ በታች እንደሚያድሩና አጥሩ ወደ ወንዙ ዘመም እንዳለ ጨምረዋል። እኔን ያሳሰበኝ አጥሩ ነው።

ትል ቢሆን እዚህም እዚያም ይመታል እንጂ መስመር ይዞ አይሄድም፤ አጥርም አያዘምም። መሬትዎ ወደ ወንዙ እየተንሸራተተ የጎመኑን ሥር እየበጠሰ ይመስለኛል። ጎመኑ በጠወለገበት መስመር አፈሩን ገለጥ ገለጥ ያድርጉት፤ ስንጥቅ ሳያገኙ አይቀሩም።

መሐል አዲስ አበባ ያለችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባሳልቱ፣ ጠንካራ ቢሆንም ስንጥቅጥቅ ስላለ የክረምቱን ውሃ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በየመሐሉ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ሲበሰብስ ሸክላ ይሆናል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይታገዳል፤ ሸክላውም ይሙለጨለጫል። ወንዝ ግርጌውን በቆረጠበት ቦታ ደግሞ ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ የሚይዝ የለም። የመሬት ስብራት በሚያልፍበት መስመር ድንጋዩ የደቀቀ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ውሃም መንገድ ያገኛል፤ የፍልውሃ ሙቅ ውሃ የሚወጣው በእንዲህ ያለ ስብራት በኩል ነው። ከማሳዎ ግርጌ በበጋም የማይደርቅ ረግረግ ካለ፣ ውሃው ከውስጥ ጭምር እየመጣ ነውና የምነግርዎ ብቻውን አይበቃም፤ ወረዳው ባለሙያ እንዲልክ ይጠይቁ።

ድንጋዩን የሚለውጥ የለም። ውሃውን መከልከል ግን በዶማና በአካፋ ይቻላል።

መጀመሪያ ስንጥቁን ይድፈኑ። ረጠብ ያለ ሸክላ አፈር እየጨመሩ በእንጨት ይጠቅጥቁት፤ አናቱ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ይበል። አሸዋና ጠጠር ውሃ ስለሚያስገቡ አይጨምሩበት። ቀጥሎ ከስንጥቁ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍ ብለው፣ ካልተንቀሳቀሰው መሬት ላይ፣ ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስቆፍሩ። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ ከበዛ ቦዩን ይቦረቡረዋል። ለልኩ ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ጎማ ይዋሱ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ እንዳይረሱ፤ ያለ ላስቲክ ቦዩ ራሱ ውሃውን ወደ ዳገቱ ያሰርገዋል። መጨረሻውን ከሚንሸራተተው መሬት አሳልፈው፣ ድንጋይ በተደረደረበት መውረጃ ወደ ወንዙ ይልቀቁት፤ ጎረቤት ማሳ ላይ ግን አይሁን። የቤቱ ጣሪያ ውሃም በአሸንዳ ወደዚሁ ቦይ ይግባ።

በአንድ ነገር ልቆጣ። በየወንዙ ዳር የማየው ነው፦ መደብ ለማስፋት ሲባል ፍግና የግንባታ ፍርስራሽ ጠርዙ ላይ ይደፋል፣ ግርጌው ደግሞ ለአፈር ይቆፈራል። እባካችሁ ተዉት! አናቱን እያከበዱ እግሩን መቁረጥ ዳገቱን በገዛ እጅ መግፋት ነው።

ላሞቹን ዛሬውኑ ወደ ላይ ያውጧቸው፤ ከስንጥቁ በታች ሰውም አይደር። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክለው ርቀቱን በየጠዋቱ በሲባጎ ይለኩ። እየሰፋ ከሄደ ማሳውን ለቀው ለወረዳው ያሳውቁ፤ ዕቃ ለማውጣት ብለውም አይመለሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ሌላ ናዳ ወርዶባቸዋል።

ሥሩ የተበጠሰው ጎመን አያገግምም። ነቅለው ለላሞቹ ይስጧቸው፤ መድኃኒት ረጭተውበት ከሆነ ግን አይስጧቸው። ስንጥቁ መስፋቱን ካቆመ በቦታው ቬቲቨር የተባለውን ሥረ ጥልቅ፣ አፈር የሚይዝ ሳር በረድፍ ይትከሉ።