ሕንድ ውስጥ በባቡር ለምትጓዙ፦ የትኬትና የጣቢያ ጥያቄና መልስ

ስለ ትኬት፣ ስለ ዌይቲንግ ሊስት (ተጠባባቂ ዝርዝር፤ ትኬት ላይ «ደብሊውኤል» የሚለው) እና ስለ ጣቢያ አገልግሎት ጠይቁ። ሰዓት የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ትኬት ላይ የታተመው ግን በ24 ሰዓት ነው። ይህን የረሳ ባቡር ያመልጠዋል።

የፑኔዋ፦ ጋሼ፣ ትኬቴ «ጂኤንደብሊውኤል 40/ደብሊውኤል 12» ይላል። መሳፈር እችላለሁ?

መልስ፦ ገና ነሽ። የፊተኛው ቁጥር ስትቆርጪ የነበረው ተራሽ ነው፣ የኋለኛው የአሁኑ። ሌሎች በሰረዙ ቁጥር ይወርዳል። ጂኤንደብሊውኤል ባቡሩ ከሚነሳበት ጣቢያ ወይም ከአቅራቢያው ለሚሳፈሩ ስለሆነ ድርሻው ሰፊ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ እሱ ይወርዳል። አርኤልደብሊውኤል ለመሀል ከተሞች የተመደበ ትንሽ ድርሻ ነው፤ ፒኪውደብሊውኤልን ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ይሻሙታል። በሁለቱ አትተማመኑ። ወደ አርኤሲ ከወረደልሽ መሳፈር ትችያለሽ፦ የጎን ታችኛውን አልጋ ለሁለት ትቀመጡበታላችሁ፣ የቀረ ሰው ካለ ሙሉ አልጋ ይሰጥሻል።

የሚወስነው ቻርቱ ነው፣ ማለትም የመጨረሻው የቦታ ድልድል ዝርዝር። ከዲሴምበር 2025 ወዲህ የመጀመሪያው ቻርት ባቡሩ ሊነሳ 10 ሰዓት ሲቀረው ይወጣል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ለሚነሳ ባቡር በዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት። በኢንተርኔት የተቆረጠ ትኬት ያኔም ደብሊውኤል ከሆነ ራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። በዚያ የተሳፈረ ሰው ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል።

የሃይደራባዱ፦ ባቡሬ በ12ኛው ቀን 00:10 ይነሳል። በዚያው በ12ኛው ቀን ማታ ብደርስ ይበቃል?

መልስ፦ ባቡሩ ከሄደ ሙሉ ቀን ሆኖታል! 00:10 ማለት በ11 ለ12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ነው። በ11ኛው ቀን ማታ ጣቢያ ተገኝ። ከ00:00 እስከ 05:59 የሚነሳ ባቡር የያዛችሁ ሁሉ «አጥቢያ» ብላችሁ ትኬቱ ላይ ጻፉበት።

የቻንዲጋሩ፦ ታትካል (የመጨረሻ ሰዓት አስቸኳይ ትኬት) ስንት ሰዓት ይከፈታል?

መልስ፦ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ላላቸው ክፍሎች ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለሌሎቹ 5 ሰዓት፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። ቀኑ የሚቆጠረው ባቡሩ ከመጀመሪያ ጣቢያው ከሚነሳበት እንጂ አንተ ከምትሳፈርበት አይደለም። በኢንተርኔት ለመቁረጥ አካውንቱ በአድሀር (በሕንድ የመታወቂያ ቁጥር) መረጋገጥ አለበት። ባለፉት 12 ወራት 182 ቀን ሕንድ የኖረ የውጭ ዜጋ አድሀር ማውጣት ይችላል። ቦታው የተረጋገጠ ታትካል ቢሰረዝ ገንዘብ አይመለስም።

የቻንዲጋሩ፦ ኤጀንት እያለ ምን አስጨነቀን? ልክ በ4 ሰዓት ያወጣልናል።

የፑኔዋ፦ አያወጣም። ታትካል በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ኤጀንት ተከልክሏል።

የቻንዲጋሩ፦ በግል አካውንት ይቆርጡታላ።

የፑኔዋ፦ እሱ ሕገ ወጥ ነው። ትኬቱ ቢሰረዝ የምትቀረው አንተ ነህ።

የሃይደራባዱ፦ ታትካሉን ተዉትና ስሊፐር (ኤሲ የሌለው ባለ አልጋ ክፍል) ይሻላል ወይስ ሦስተኛ ኤሲ? በስሊፐር አንሶላና ብርድ ልብስ አይሰጥም ይባላል።

መልስ፦ ስለ ኤጀንቱ የፑኔዋ ትክክል ናት፣ በዚህ ይብቃ። አንሶላና ብርድ ልብስ ያለው በኤሲ ነው። በሁለቱም የአልጋ ቁጥርህን ለ8 አካፍል፦ ቀሪው 1 ወይም 4 ከሆነ ታች፣ 2 ወይም 5 መሀል፣ 3 ወይም 6 ላይ፣ 7 የጎን ታች፣ ምንም ካልቀረ የጎን ላይ። 43 ቁጥር ላይኛው ነው። መሀለኛው አልጋ የሚዘረጋው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

የዴልሂው፦ ትኬት እንዴት ይቆረጣል?

መልስ፦ ከየት ወዴት? መቼ? በየትኛው ክፍል? መደበኛው ከጉዞው 60 ቀን ቀደም ብሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል። የቀረውን ለይተህ ጠይቅ።

የዴልሂው፦ እሺ፣ ከዴልሂ ወደ ሙምባይ። ደብሊውኤል 5 ነኝ፣ መሳፈር እችላለሁ?

መልስ፦ ከላይ ለፑኔዋ የመለስኩትን አንብብ። ከዚያ የጣቢያውን ኮድ ተመልከት፦ ኤንዲኤልኤስ ኒው ዴልሂ፣ ዲኤልአይ አሮጌው ዴልሂ፣ ኤንዜድኤም ኒዛሙዲን ነው። ሦስቱም ተራርቀው ያሉ ጣቢያዎች ናቸው። ኒው ዴልሂ በር ላይ «የቱሪስት ቢሮው ተዘግቷል፣ ተከተለኝ» የሚልህን አትከተል። ለውጭ ዜጎች ትኬት የሚቆርጠው ይህ ቢሮ እዚያው በፓሃርጋንጅ በኩል ባለው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ፓስፖርትህን ያዝ።

የፑኔዋ፦ ሻንጣ ማስቀመጫስ? ማደሪያ ክፍልስ?

መልስ፦ ክሎክ ሩም ያልተቆለፈ ሻንጣ አይቀበልም፤ ቁልፍና ትኬት ያዢ። ሪታየሪንግ ሩም የተረጋገጠ ወይም አርኤሲ የሆነ ፒኤንአር (ትኬት ላይ ያለው የቦታ ማስያዣ ቁጥር) ይጠይቃል።

የሃይደራባዱ፦ የእኔ 00:10 ቢዘገይስ?

መልስ፦ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየና መጓዝ ካልፈለግህ፣ ባቡሩ ከአንተ ጣቢያ ሳይነሳ ቲዲአር (የገንዘብ ይመለስልኝ ጥያቄ) ሙላ፤ ሙሉ ገንዘብህ ይመለሳል። ከተነሳ በኋላ የሞላኸው አይቆጠርም። ዘገየም አልዘገየም በ11ኛው ቀን ማታ ነው ጣቢያ የምትሄደው።