መሪ ላይ ያለ ማርሽ ሲደርቅ፦ ካምቢዮውን ከማውረድህ በፊት

አንድ ወንድም ከጅማ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «አባቴ የተወልኝ አሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ማርሿ መሪው ላይ ነው። በአጋሮ መንገድ ቡና እጭንባታለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ማርሹ ደረቀብኝ። 1ኛና 2ኛን ለማስገባት እጄ እስኪዝል እታገላለሁ። ያሳየሁት መካኒክ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ አለበት አለኝ። ላስወርደው ወይስ ሌላ መላ አለው?»

ወንድሜ፣ አታስወርደው። መጀመሪያ ድርቀቱ የት እንዳለ እንለይ። ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ማርሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም።

ወለል ላይ ያለ ማርሽ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይቀመጣል። ያንተ ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል። እጀታውን ስትነካ ከመሪው ጋር ወደ ሞተር ክፍሉ የሚወርድ ዘንግ ይንቀሳቀሳል። እጀታውን ወደ ራስህ ስትስብና ስትመልስ ዘንጉ ትንሽ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መስመር የምትመርጠው በዚህ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ስታደርገው ደግሞ ይዞራል፤ ማርሹ የሚገባው ያኔ ነው። ከዘንጉ ሥር አጫጭር ክንዶች አሉ። ከእነሱ የተነሱ ቀጫጭን ብረቶች ካምቢዮው ጎን ካሉት ክንዶች ጋር ይያያዛሉ። በየመገናኛው ቦኮላ አለ፣ ብረቱ የሚዞርበት ቀለበት። አንዱ ቦታ ከያዘ እጅህ የሚሰማው ያው ድርቀት ነው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርግ። ሞተሩን አጥፋና ማርሾቹን በሙሉ ሞክር። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገባ፣ ሲነሳ ብቻ ከደረቀ፣ ጉዳዩ የማርሽ ሳይሆን የፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠህ ማርሹ ከተሻለው የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል። ዘይቱን ሙላ፣ አየሩን አስወጣ፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ ፈልግ።

ሞተር ጠፍቶም ከደረቀ ግን ኮፈኑን ክፈት። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገህ ብረቶቹን ከዘንጉ ሥር ካሉት ክንዶች አላቃቸው። መቆለፊያ ሽቦውን በፒንሳ ነው የምታወጣው። ከማላቀቅህ በፊት ግን በስልክህ ፎቶ አንሳ። የትኛው ብረት የት እንደነበረ ከተምታታብህ ስትመልስ ቀኑን ሙሉ ትደክማለህ።

አሁን ገብተህ እጀታውን አንቀሳቅስ። ብረቶቹ ወልቀው እንኳ ከደረቀ በሽታው መሪው ላይ ያለው ዘንግ ነው። እጀታው ከቀለለ ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ገብተህ ካምቢዮው ጎን ያሉትን ክንዶች በእጅህ ሞክር። በክሪክ ብቻ ተነስታ ከሆነ ሥሯ እንዳትገባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይኑራት። ክንዶቹ ጠንከር ብለው ጠቅ እያሉ ከገቡ ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ የቀሩት መሃል ያሉት ብረቶችና ቦኮላዎች ናቸው። ካምቢዮው ይውረድ ማለት የሚቻለው ክንዶቹ እዚያው ካምቢዮው ላይ አልንቀሳቀስ ሲሉ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን በቅድሚያ ዘይቱን እይ። ማርሹ እንዳይጮህ ብለው 140 ቁጥር የሚሞሉ አሉ። ወፍራም ስለሆነ በጅማ የክረምት ጠዋት ማርሹን ያደርቀዋል። ለእነዚህ አሮጌ ካምቢዮዎች 90 ቁጥር፣ ጂኤል-4 የሚል የተጻፈበት ይሻላል።

በረዳትነት ስሠራ ካምቢዮዋ የወረደ አንዲት ፒክአፕ ነበረች። ሁለት ቀን ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። ማርሹ እንደነበረው ደረቅ። በሦስተኛው ቀን ከመሪው ዘንግ ሥር ያለው ቦኮላ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ባለቤቱ የሁለት ቀን ሥራ በከንቱ ከፍሏል። የዚያን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክረምት ሲገባ ጀመረ ስላልከኝ ያንተም እዚያው ይመስለኛል። ያ ቦታ ለግራ የፊት ጎማ ቅርብ ነው። የጅማ ቀይ ጭቃ ተረጭቶ ይለጠፍበታል፤ ሲደርቅ ያለውን ግራሶ መጥጦ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ጭቃውን በቀጭን ካቻቢቴ ፈልፍለህ አውጣ። ላምባ በብሩሽ እየቀባህ እጀታውን ደጋግመህ አንቀሳቅስ። መጀመሪያ ቡናማ ዝገት ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጥቁር ቅባት፣ በመጨረሻ ላምባው እንደገባ ጠርቶ ይወጣል። ሳይጠራ እንዳታቆም። አድርቀህ አዲስ ግራሶ ቀባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስበት። ለአንድ ሳምንት ያለሰልስልሃል፣ ከዚያ አቧራውን ሰብስቦ ካለበት ያብሰዋል። ላምባ ይዘህ ሲጋራ የሚባል ነገር አጠገብህ አይኑር፣ ሞተሩም የበረደ ይሁን።

ቦኮላው ከተበላ ወይም ከተሰነጠቀ ለዚህ ዘመን መኪና ኦሪጂናሉን ማግኘት ይከብዳል። ቶርኖ ቤት ይሠሩልሃል። አሮጌውን ቢሰበርም ይዘህ ሂድ፣ ዘንጉንም ጭምር። ናይለን ከሆነ የሚሠሩልህ፣ ጥብቅ አድርገው እንዳይሠሩት ንገራቸው። ናይለን እርጥበት ይስባል፣ ሲስብ ያብጣል። በበጋ ልክክ ብሎ የገባ ቦኮላ ሐምሌ ላይ ዘንጉን አንቆ ይይዛል፤ አንተም ያው ችግር ውስጥ ትመለሳለህ። በእጅህ ስትገፋው ሳይታገል የሚገባ፣ ግን ወዲያ ወዲህ የማይል ይሁን። ነሐስ ካገኙ እሱ አያብጥም፤ ግራሶ ብቻ አታስርበው።

ሁለቱ ብረቶች ቀጥ ማለታቸውንም እይ። የተጣመመ ካለ አቃናው። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች ወርደው ከሆነ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው ዝቅ ብለው ብረቶቹን አጣመው ይጎትቷቸዋል። ቦኮላ ብትቀይርም ድርቀቱ አይለቅህም፤ ጎማዎቹ መቀየር አለባቸው።

ስትገጥም ካምቢዮውም እጀታውም ዜሮ ላይ ይሁኑ። የብረቱን ርዝመት በዳዶው አስተካክለህ፣ ሳትገፋውና ሳትስበው ቀዳዳው ላይ በራሱ ሲወድቅ እሰር። በግድ ጎትተህ ካስገባኸው አንዱ ማርሽ በደንብ ይገባል፣ ሌላው ግማሽ መንገድ ይቀራል። ግማሽ የገባ ማርሽ ዳገት ላይ ከጭነት ጋር ሲዘል ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ቦኮላው እስኪሠራልህ መንዳት ግድ ከሆነብህ ይህን ያዝ። ቦኮላው ያለቀ ማርሽ በሁለቱ መስመሮች መሃል ይቀረቀራል፤ እጀታው ወደየትም አይልም። እጀታውን በጉልበት አትታገለው፣ ይሰበራል። ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ኮፈኑን ከፍተህ ከመሪው ዘንግ ሥር ያሉትን ክንዶች እይ፤ አንዱ ከሌላው ተዛንፎ ታገኘዋለህ። የተዛነፈውን በእጅህ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገህ ከጓደኛው ጋር አስተካክለው። ጠቅ ሲል ዜሮ ላይ ገብቷል። ኮፈኑን ዝጋና 1ኛን ቀስ ብለህ አስገባ።