«ክሎስ ቱ ሆም» ስትል ቤቷ የት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ ነኝ። ባለፈው በምሳ ሰዓት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ልጆቻቸውን መለየት እንዳቃታቸው እያጫወተችን ነበር። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ዛት ሂትስ ክሎስ ቱ ሆም» አለች። እኔም ጨዋታ ለመቀጠል ብዬ «ቤትሽ የት ነው?» አልኳት። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሳቁብኝ። ምን አጠፋሁ? ደግሞስ «ኒር» እና «ክሎስ» ልዩነታቸው ምንድነው? ሁለቱም ቅርብ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ምንም አላጠፋሽም። ሴትየዋ ቁስሏን ስታሳይ አንቺ አድራሻ ጠየቅሻት፤ እሱ ነው ያሳቃቸው። «ይሄ ነገር እኔም ቤት አለ» ማለቷ ነበር። ምናልባት የሷም እናት እንደዚያ ሆነዋል፤ ወይ አባቷ። ነገ ስታገኚያት ጠጋ ብለሽ «ያንቺስ እናት እንዴት ናቸው?» በያት። የዚያን ቀኑን ያካክሳል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ «ሆም» የሚለው ራሱን ነው። ራሱን፣ የራሱን ሰዎች፣ የሚደብቀውን ነገር። የሌላ ሰው ወሬ መስሎት ሲሰማ ቆይቶ ድንገት የራሱ ሆኖ ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚለው። እኛ እዚህ ቦታ ላይ ቤት አንጠራም፤ ገላችንን እንጠራለን። አንጀቴን በላው፣ ቁስሌን ነካካው እንላለን።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ለደስታ አይሆንም። የጓደኛሽ ልጅ ተመርቃ ያንቺም ልጅ ተመራቂ ብትሆን «ሂትስ ክሎስ ቱ ሆም» እንዳትዪ። «ሂት» መምታት ነው፤ የመታሽ ነገር ማሳመም ወይም ቢያንስ ማሳፈር አለበት። ቀልድ ላይ ግን ይመጣል። አንዱ ስለሚያረፍዱ ሰዎች ሲቀልድ ሁልጊዜ የምታረፍደዋ ፊቷን ሸፍና «ቱ ክሎስ ቱ ሆም!» ትላለች፤ የፊተኛው «ቱ» «በጣም» ማለት ነው። «ለኔ ብለሽ ስሚ ነው እንዴ?» እንደማለት።

እኔ ራሴ በዚህ ቃል ተዋርጃለሁ። ማስተርጎም በጀመርኩበት ሰሞን ነው፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ። አንድ አባወራ ከባድ በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና «እሺ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለ። ሐኪሙ ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራትና «ኢት ሃዝንት ሂት ሆም ዬት» አላት። እኔ ሞኟ በኩራት «ወሬው ገና እቤት አልደረሰም ይላሉ» ብዬ አስተረጎምኩ። ሴትየዋ አፈጠጠችብኝ። «የምን ቤት? እኔም እዚህ፣ ልጆቹም እዚህ። ቤት ማን ቀረ?»

ሐኪሙን መልሼ ጠየቅሁት። ለካ «ነገሩ ገና አልገባውም፤ ከጆሮው አላለፈም» ማለቱ ነው። ይሄንን ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔስ መች ገባኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሂት ሆም» በሰማሁ ቁጥር ያ ኮሪደር ነው የሚታየኝ። ልብ በዪ፣ መሃል ላይ «ክሎስ ቱ» ከሌለ ትርጉሙ ይሄ ነው፤ ነገሩ በደንብ ገባ፣ ዘለቀ ማለት ነው። «ክሎስ ቱ» ሲጨመርበት ደግሞ ያንቺው ጓደኛ ያለችው ይሆናል።

ዜና ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ስለ ሩቅ አገር ሲያወሩ ቆይተው «ክሎሰር ቱ ሆም» ካሉ፣ አሁን ወደ ሰፈራችን ወሬ እንመለስ ማለታቸው ነው። እዚያ ላይ ምንም ቁስል የለም። እኛ ግን ቤት የሚለውን ቃል ሩቁ ላይ ለጥፈነዋል፤ አገር ቤት እንላለን። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አገር ቤት አንድ ነገር ተፈጠረ ከተባለ ግን ሌሊቱን ስልክ ላይ ተጥደን እናድራለን። ጠዋት ሥራ ቦታ «ያ እኮ ሩቅ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» የሚል ፈረንጅ ከገጠመሽ፣ «ፎር ሚ፣ ኢትስ ክሎስ ቱ ሆም» በዪው። ወዲያው ይገባዋል።

ወደ «ኒር» ልምጣ። ተራው ቅርበት ላይ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሥራዬ ለቤቴ ቅርብ ነው ለማለት «ክሎስ ቱ ሆም» ወይም «ኒር ሆም» ትያለሽ። «ክሎስ» ግን «ቱ»ን ይፈልጋል፣ «ኒር» ብቻውን ይሄዳል። ለቁስሉ «ክሎስ»ን ያዢ። አነጋገሩንም አደራ፤ ሱቅ ሲዘጋ «ክሎዝ» ነው፣ ቅርብ ሲሆን «ክሎስ»። እኔን ደስ የሚለኝ የ«ኒር» ታሪክ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «ናይ» ቅርብ ነበር፣ «ኒር» ይበልጥ ቅርብ፣ «ኔክስት» ደግሞ ከሁሉ የቀረበ። ጎረቤት የሚሉበት «ኔበር» ራሱ ከዚያው «ናይ» የመጣ ነው፤ ቅርብ የሚኖር ማለት ነው። እኛ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ስንል ለነሱ ቅርቡ ቃሉ ውስጥ ገብቶላቸዋል።

ሌላም ልጨምርልሽ። «ሃውስ» ግድግዳና ጣሪያው ነው። ቤዝመንት የተከራየ ሰው «ማይ ሃውስ» ሲል ትንሽ ይከብዳል፤ «ማይ ፕሌስ» ወይም «ሆም» ይበል። እና «ጎ ቱ ሆም» የሚባል ነገር የለም። እኛ ቤት ልሂድ፣ ገበያ ልሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ እያልን «ወደ»ን የትም እንጥላታለን። እነሱ «ቱ»ን ለገበያውም ለቤተ ክርስቲያኑም ይሰጣሉ፤ ለ«ሆም» ሲሆን ይነፍጋሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሹፌር ነኝ። አለቃዬ ስለ ሰዓት ማክበር ስብሰባ ጠርቶ በጽሑፍ «አይ ዋንት ቱ ድራይቭ ዚስ ሆም» ብሎ ላከልን። የድርጅቱን መኪና ቤት ይዘን እንድናድር ፈቅዶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልፈቀደም። ሚስማር በመዶሻ ተመትቶ እስከ አናቱ ሲገባ «ድሪቨን ሆም» ይባላል፤ ቤቱ ገባ እንደማለት። አለቃህም ሰዓት አክብሩ የሚለውን ነገር ጭንቅላታችሁ ውስጥ እንደዚያ ሊመታው ነው የፈለገው። በጊዜ ድረስ። መኪናውን ግን እዚያው አቁመው።