«ሲስተማችንን ለሽልማት እናስገባው ወይ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ፦ ወረዳ ላይ የአይሲቲ ባለሙያ ነሽ። ከሁለት ልጆች ጋር ሆናችሁ የባለጉዳይ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ሲስተም ሠርታችኋል። አለቃሽ ደግሞ «ለፈጠራ እውቅና እናወዳድረው፣ ከቀናን ወደ ውጭም ይሂድ» ብሎሻል። ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው፣ ምንስ ይጠይቃሉ ነው ያልሽው። ከላይ ከመለሱት ግማሾቹ «ሽልማት ሁሉ በትውውቅ ነው» ብለውሻል። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ፣ አንዴ ወድቀን አንዴ ዋንጫ ይዘን ተመልሰናል። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከወደቅንበት ልጀምር።

የዛሬ አሥር ዓመት አካባቢ አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበርኩ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። የመንግሥት መዝገብ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ዶሴው ከወለል እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ባለጉዳይ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ስሙን ይናገራል፣ አንዷ ልጅ መደርደሪያ ውስጥ ትገባና ትጠፋለች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቧራ ለብሳ ትወጣና «ነገ ይመለሱ» ትላለች። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ለየፋይሉ ቁጥር ሰጠን፣ የትኛው መደርደሪያ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ አስገባን። ስም ስትጽፊ ቦታውን ይነግርሻል። ሲስተሙ ይኸው ነው። ግን ሰው ሲመላለስ ላየ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፣ ኮርተንበታል።

ውድድሩ ላይ ታዲያ ሃያ ስላይድ ሙሉ ያወራነው ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ዳታቤዙ፣ ስለ መግቢያ ገጹ ቀለም ነበር። ከዳኞቹ አንዷ ሴትዮ መነጽራቸውን አወለቁና «ከዚህ በፊት አንድ ሰው ፋይሉን ለማግኘት ስንት ጊዜ ይመላለስ ነበር?» አሉ። «ብዙ ጊዜ» አልኩ። «ብዙ ስንት ነው?» አሉ። ዝም አልኩ። ሦስታችንም ዝም አልን። «አሁንስ?» አሉ። «ጥሩ ነው፣ ፈጥኗል» አልኩ። ሴትየዋ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና «እናመሰግናለን» አሉ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ማናችንም አልተነፈስንም።

ቂም ይዤባቸው ነበር፣ አልዋሽም። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር መግባቱ ፈጠራ አይደለም። ሰውዬው ከመመላለስ የዳነበት ቀን ነው ፈጠራው። እሱን ደግሞ ካልቆጠርሽው ማንም አያምንሽም።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንግባ ሲባል ችግሩ ገባኝ። የድሮውን ጊዜ እንዴት እቆጥረዋለሁ? ሲስተሙ ከገባ ቆይቷል፣ የድሮው አሠራር የለም። መልሱ ግን ጓሮ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ሲገባ የገቢ ማህተም ከነቀኑ ይመታበታል፣ ባለጉዳዩ ሲወስድ ደግሞ ቀን ጽፎ ይፈርማል። ከድሮዎቹ 200 ማመልከቻ ዝም ብዬ እያነሳሁ ሁለቱን ቀን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከአዲሶቹም 200 ወሰድኩ። ድሮ መሀል ላይ ያለው ሰው ስድስት ቀን ይጠብቅ ነበር፣ አሁን በዚያው ቀን ይሄዳል። አንድ ገጽ፣ ሁለት መስመር ሰንጠረዥ። ከሃያው ስላይድ በላይ የሠራው እሱ ነው። አንቺም ዛሬውኑ ጀምሪ፣ የድሮ ማመልከቻዎቹ ለማስወገድ ተብለው ሳይቃጠሉብሽ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የምወደው ነው።

ሲስተሙን መጀመሪያ ስናስገባ ግማሹ ፍለጋ «አልተገኘም» ይል ነበር። ፋይሉ ግን አለ! «ፀሐይ» ብለሽ ትፈልጊያለሽ፣ መዝጋቢዋ «ጸሃይ» ብላ አስገብታዋለች። ቁጭ ብለሽ ብታሰይው ሁለቱ ጸዎች ከስድስቱ ሀዎች ጋር ሲባዙ ይህችን አንዲት አጭር ስም 12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል። «ወልደ ሥላሴ»ን ደግሞ አንዱ አጣብቆ፣ አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው «ወ/ሥላሴ» ብሎ ይጽፈዋል። እኛ መዝጋቢዎቹን «በትክክል ጻፉ» እያልን ስንጨቃጨቅ ወራት ሄዱ። ትክክሉን ራሳችንም አናውቀውም እኮ!

መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ጭቅጭቃችንን ሰምተው መሳቢያቸውን ሳቡና በላስቲክ የተለበጠ ትልቅ ባለመስመር ደብተር አወጡ። ለሃያ ምናምን ዓመት በእጃቸው የጻፉት የስም ማውጫ ነው። ከፈቱልኝ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ የሚባል ሦስት ቦታ የለም። አንድ ገጽ ላይ ነው ሁሉም። ሰ እና ሠም አንድ ላይ፣ አ እና ዐም አንድ ላይ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። «ልጄ፣ ሰው ስሙን በጆሮው ነው የሚያውቀው፣ እኔም በጆሮዬ ነው የምደረድረው» አሉኝ።

ማታውን ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ስሙ እንደተመዘገበው ይቀመጣል፣ ሲታተምም ባለቤቱ እንደጻፈው ነው የሚወጣው፣ የእናት አባቱን ፊደል ማንም አይነካበትም። ለፍለጋ ብቻ ግን ከጀርባ ሌላ ዓምድ አለ፣ እዚያ ውስጥ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ይቀየራሉ፣ ክፍተትና እዝባር ይወጣል። አርባ መስመር ኮድ አይሞላም። በማግስቱ «አልተገኘም» የሚባለው ነገር ከመስኮቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። (ጳጉሜንም ነበረች። ከውጭ የወረደው የቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ ጳጉሜን የተወለዱ ልጆች መስከረም 1 እየተባሉ ይገቡ ነበር። እሷን ያስተካከልነው ደግሞ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ አልቅሳ ነው።)

ዳኞቹን የያዛቸው ይህ ነው። የኛ አገር ችግር ነው፣ ከሌላ አገር ተገዝቶ የሚመጣ መፍትሔ የለውም። አንቺም ያንን ፈልጊ። ሲስተማችሁ ውስጥ «ይሄ እኛ ጋ ብቻ ነው» የምትዪው ትንሽ ነገር አይጠፋም። መግቢያ ገጹን ተይው።

አሁን አለቃሽ «ወደ ውጭ» ስላለው። በየጊዜው ስማቸው የሚነሳው ሁለት ናቸው። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን ከሰኔ 16 የሕዝብ አገልግሎት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። ብር የለውም። ዋንጫና የምስክር ወረቀት ነው፣ ይሄን ለአለቃሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ቅጹ የሚጠይቀው ምን ችግር ነበር፣ ምን ለወጣችሁ፣ ማን ተጠቀመ፣ ለማይደርስበት ሰው እንዴት አደረሳችሁ፣ ነገ ማን ያስቀጥለዋል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜዴሊን ኮሎምቢያ ላይ ከተሸለሙት ውስጥ የአዘርባጃኑ አሳንና የኬንያው ሁዱማ ይገኙበታል። ሁለቱም የሚገርም ሶፍትዌር አይደሉም። ድሮ አሥር ቢሮ የሚያዞረውን ጉዳይ አንድ አዳራሽ ውስጥ አስገቡት። ኬንያዎቹ ማዕከሎቹን ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሁሉ ከፍተዋል፣ አሳን ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ገጠር ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብም የዚሁ ዝርያ ነው። እንግዲህ አንዲት ወረዳ ከእነሱ ጋር ልትሰለፍ ነው፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይወድቅም።

ሌላው ጄኔቭ ያለው የዓለም ቴሌኮም ኅብረት የሚያዘጋጀው ደብልዩሲስ (WSIS) የሚባለው ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፣ 18 ዘርፍ አለው፣ የኢ-መንግሥት (ኤሌክትሮኒክ መንግሥት) ዘርፍም ለብቻው አለ። እዚህኛው ላይ የሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት ምዕራፍ አለ። በየዓመቱ ቴሌግራም ላይ «እባካችሁ ድምፅ ስጡን» የሚሉት ሰዎች ከየት እንደሚመጡ አሁን ገባሽ። መጨረሻ ላይ የሚለዩት ግን ባለሙያዎች ናቸው፣ ስለዚህ ሙሉ ጉልበትሽን ድምፅ ልመና ላይ አትጨርሺ።

አለቃሽ ምናልባት «ደረጃችንን እናሻሽል» ብሎም ይሆናል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ተመድ በየሁለት ዓመቱ አገሮችን በኢ-መንግሥት የሚደረድርበት ጥናት ነው፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 በተከታታይ አንደኛ የወጣችበት። እሱ ላይ ማመልከት የሚባል ነገር የለም።

ካነሳሁት አይቀር፣ ወረዳ ኔትን የምታስታውሱ አላችሁ? ከ500 በላይ ወረዳ በሳተላይት ሲገናኝ ያኔ ለአፍሪካ ትልቅ ነገር ነበር፣ በየስብሰባው ሲወደስ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት ወረዳ ግን ስክሪኑ የሚበራው ከላይ ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ነበር። ባለጉዳዩ በሩ ላይ ያው ወረፋውን ይዟል። ሙገሳው ውሸት ነበር አልልም። ግን ባለጉዳዩን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወደ እኛ ዋንጫ ልመለስ፣ ከአሸናፊነቱ በኋላ ያለውን ማንም ስለማይነግርሽ። በሁለተኛው ዓመት አሸነፍን። መድረክ ላይ የወጣው ኃላፊው ነው፣ ልማድ ነው፣ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። ባስገባነው ጽሑፍ ላይ የጋሼ ስም አልነበረም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። «የቡድኑ አባላት» ብዬ የሦስታችንን የአይሲቲ ልጆች ስም ዘርዝሬ፣ የሀሳቡን ባለቤት ረሳሁት። ረሳሁት እንኳ አይባልም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው «ቡድን» ውስጥ ይገባል ብሎ አእምሮዬ አላሰበም። ጋሼ ምንም አላሉም። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው አቀፉኝ። «ያላችሁ» አሉ፣ «ያለን» አላሉም። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ ምን ሆነ? ኃላፊው በሽልማቱ ምክንያት ተሹሞ ሌላ ቦታ ሄደ። ከልጆቹ አንዱን ባንክ ወሰደው፣ እሰይ፣ ደመወዙ ሦስት እጥፍ ነው። ምርጥ ተሞክሮ ተባልንና በየሳምንቱ ጎብኚ ይመጣ ጀመር፣ እኔ ሥራዬ ማስጎብኘት ሆነ። አዲሱ ኃላፊ ሲስተሙን የእሱ ስላልሆነ አልወደደውም። ክረምት ላይ መብራት እየሄደ እየመጣ የዩፒኤሱ ባትሪ ሞተ። እንግዛ ስንል ለጥገና የሚባል የበጀት መደብ የለም ተባለ፣ ዕቃ መግዣ አለ፣ ባትሪ ግን ዕቃ ነው ወይስ ጥገና ነው በሚል ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ተላላክን። በመሀል ሰርቨሩ ወደቀ። ዋንጫው እዚያው ከሰርቨሩ በላይ ካቢኔ ውስጥ በመስታወት ተዘግቶ ቆሟል። መስኮቱ ላይ ወረፋው ተመልሶ መጣ።

ጋሼ ደብተራቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ሦስቱን ሳምንት በዚያች ደብተር ነው ያለፍናት።

ስለዚህ ጥያቄሽን በቀጥታ ስመልስ፣ አስገቡት። ብታሸንፉም ባታሸንፉም ቅጹን መሙላት ብቻውን ሥራችሁን እንድትቆጥሩ ያስገድዳችኋል፣ ሌላ ጊዜ ማንም አያስገድዳችሁም። ግን ከማስገባታችሁ በፊት ከአለቃሽ ሁለት ነገር በደብዳቤ ተቀበዪ። አንዱ ለባትሪ፣ ለባክአፕና ለጥገና በየዓመቱ የሚያዝ በጀት ነው። ዋንጫው ከመጣ በኋላ ጠይቂ ብትባዪ እሺ አትበዪ፣ ያኔ ሁሉም ሥራው አለቀ ብሎ ነው የሚያስበው፣ አንቺ የመደራደር ጉልበት ያለሽ አሁን ነው። ሁለተኛው ሲስተሙን የሚያውቅ ከእናንተ ሌላ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ይመደብ። ኮዱንና የይለፍ ቃሉን አንድ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ትታችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ አስተካክሉ፣ እየቀለድኩ አይደለም።

ፋይዳን በተመለከተ ደግሞ፣ ዳኞች አሁን መጠየቃቸው አይቀርም። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር እያለ ለምን በስም ትፈልጋላችሁ ይሉሻል። መልስ ይኑርሽ። የድሮው ዶሴ ላይ የፋይዳ ቁጥር የለም፣ የሟች አባቱን ፋይል ለውርስ የሚፈልግ ሰው የአባቱን ቁጥር ከየት ያመጣል? በስም መፈለግ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። አዲስ የሚገባውን ግን በቁጥሩ አያይዙት። የሰው መረጃ ማን እንደሚያይ፣ ማን እንዳየም እንደሚመዘገብ ጻፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ሁሉም ሠራተኛ ሁሉንም ያያል» የሚል ሲስተም ይዞ መቅረብ ያሳፍራል።

የስም ዝርዝሩን ስትጽፊ መዝገብ ቤት ገብተሽ ማን ምን እንዳዋጣ ጠይቂ። የአይሲቲ ክፍሉን አይደለም።

ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ አየዋለሁ። ሞክሼ ፊደሎቹን የሚያስተካክለውን ኮድም እልክልሻለሁ፣ የጋሼ ነው ብለሽ ተጠቀሚበት።