የወንድሜን አንጎል ምስል ላስነሳ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኮኬይን ይወስድ ነበር። አሁን በራሱ ፈቃድ የ12 ሳምንት ሕክምና ጀምሯል። ሱሱ ያገረሽበት እንደሆነ በአንጎል ምስል አስቀድሞ ይታወቃል የሚል ነገር አነበብኩ። ተበድሬም ቢሆን ላስነሳው? ውጤቱ መጥፎ ከሆነስ ምን ይውጠናል?
የጨነቃት እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ብለሽ ብድር አትግቢ።

ያነበብሽው ውሸት አይደለም። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ጥናት አለ። የኮኬይን ሱስ ሕክምና ላይ የነበሩ 53 ሰዎችን ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ጨዋታ አጫወቷቸው። ስክሪኑ ላይ ምልክት ይመጣል። ገንዘብ የምታገኝበት ወይም የምታጣበት ዙር ነው ይላል። ከዚያ ፈጠን ብሎ ቁልፍ መጫን ነው። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት አንድ «የሱስ ቦታ» አይደለም። የትኞቹ የአንጎል ክፍሎች አብረው እንደሚሠሩ ነው ያዩት፤ በተለይ ራስን ለመግታት የሚረዱትና ሽልማትን የሚከታተሉት። ከዚህ ትስስር ተነስተው በሕክምናው ወቅት ማን ከኮኬይን እንደሚርቅ መገመት ቻሉ።

በሌሎች 45 ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ግምቱ የሠራው 64 በመቶ ነው። ከሕክምናው በፊት የነበረው አወሳሰድ ሲጨመርበት 71 በመቶ ደረሰ። ለምርምር ትልቅ እርምጃ ነው። ለአንድ ሰው ግን ከሦስት አንዱን የሚስት ነገር ነው። ወንድምሽ «አይሳካልህም» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት ቢገባ፣ የዚያን ዕለት ማታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢው።

ከጥናቱ ውስጥ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። ከሕክምና በኋላ ያለውን ጊዜ የገመቱት፣ ሕክምናውን ሲጨርሱ ከታየው ትስስር ተነስተው ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ወንድምሽ ገና አልተፈረደበትም ማለት ነው። 12ቱ ሳምንታት ሥራ አላቸው።

ስለዚህ አቅምሽን እዚያ ላይ አውይው። አሜሪካ ውስጥ ለኮኬይን ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጥሩ ማስረጃ ያለው የምክር ሕክምናና ሽልማት ነው። ሽልማት ስል ሽንቱ ከኮኬይን ነጻ ለሆነ ሰው ወዲያው የሚሰጥ ቫውቸር ወይም ዕጣ ማለቴ ነው። ብዙ ሐበሻ ይህን ሲሰማ «ሱሰኛን በገንዘብ ማባበል» ይለዋል። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ዕጣው በትልቅ የመስታወት ሳህን ነው የሚቀርበው። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ እጃቸውን ከተው ወረቀቶቹን ሲያምሱ ቆዩ። ያወጡት «ጎበዝ!» ብቻ የሚል ነበር፤ ግማሾቹ እንዲያ ናቸው። ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዳቸው ጀርባ ከተቷት። ኮኬይን ደስታውን በደቂቃ ውስጥ ነው የሚሰጠው። መታቀብም ቶሎ የሚከፍለው ነገር ይፈልጋል። የወንድምሽ ክሊኒክ ይህ አለው ወይ? ጠይቂ።

ቤት ውስጥ «ዛሬስ ወሰድክ?» እያልሽ አትመርምሪው። እሱን ለሽንት ምርመራው ተይው። ይልቅ ደመወዝ የሚቀበልበት ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚያምረው ጠይቂው። ያን ቀን ማታ እራት አብራችሁ ብሉ። ቀጠሮውን ራስሽ ብታደርሺው ደግሞ ከምስሉ ብር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊ። አሁን ኮኬይን ውስጥ ፈንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተቀላቅሎ ይገኛል። ያልለመደውን ሰው በጥቂቱ ይገድላል። ናርካን የሚባለው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ገዝተሽ ቤት አስቀምጪ፤ የት እንዳለ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳዪ። ወንድምሽ ተዘርሮ ብታገኚውና አልነቃ ቢልሽ፣ ትንፋሹም ቢያጥር፣ 911 ደውይና ናርካኑን ንፊለት። የኮኬይኑን ጉዳት አይመልስም፤ የፈንታኒሉን ግን ይመልሳል። ከተረፈ በኋላ በማግስቱ ክሊኒኩ ይመለስ። አገረሸብህ ብለው አያባርሩትም ወይ የሚለውን ዛሬውኑ ደውለሽ አረጋግጪ፤ የሚያባርሩ ከሆነ ሌላ ክሊኒክ ከወዲሁ ፈልጊለት።