ቡናውን አታቋርጪው፣ ቅቤውን በጾም ግዢው

ውድ እኅቴ፣ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማጠራቀም ከባለቤትሽ ጋር ለ2 ዓመት ወጪያችሁን ለመቀነስ እንደ ወሰናችሁ፣ ነገር ግን ከቡናው፣ ከቅቤውና በየወሩ ከምትሠሪው ሹሩባ የቱን ብታስቀሪ እንደማይጸጽትሽ ግራ እንደ ገባሽ ጽፈሻል። እኔና ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ የምንኖር፣ 2 ልጆች ያሉን የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስቤዛው ዋጋ ከደመወዛችን እየራቀ ሲሄድብን፣ በ2017 ዓ.ም. መስከረም እኛም እንደናንተው ቁጭ ብለን የሚቀረውን ከሚቆየው ለይተን ነበር። ያኔ ከለየነው ውስጥ ብዙውን ተሳስተን ስለነበር፣ ስሕተታችንንም ጨምሬ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቆረጥነው ቡናን ነው። በቤታችን ጠዋትና ማታ ይፈላ ስለነበር በወር 3 ኪሎ ያህል እንጨርሳለን፤ ከቡናው ዋጋ ሌላ ከሰሉ፣ ስኳሩ፣ ዕጣኑና የቡና ቁርሱ ሲደመር ከወጪያችን ሁሉ ጎልቶ ታየን፤ ስለዚህ ረከቦቱን ከነሲኒው አጥበን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልነው። በወሩ መጨረሻ ተረፈ ያልነውን ገንዘብ ስንፈልገው ግን አላገኘነውም። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከምትቀመጠው የጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ በቀን 2 ሲኒ፣ ጓደኛውን የጋበዘ ዕለት ደግሞ 3 እና 4 ሲኒ መጠጣት ጀምሮ ነበር፤ እኔም በትምህርት ቤቱ የዕረፍት ሰዓት እንደዚያው አደርግ ነበር። ቤት ውስጥ 50 ግራም ገደማ ቡና ቆልተሽ ብታፈዪ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ለ5 ሰው ይዳረሳል፤ ደጅ ግን እያንዳንዱ ሲኒ ለብቻው ይከፈልበታል፣ አቦል ብቻ ነው እንጂ በረካ የሚባል ነገርም የለውም። ቡናውን ከቤት አስወጣነው እንጂ ከወጪያችን አላስወጣነውም ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከግቢያችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን። ማታ ቡና ሲፈላ ይመጣሉ፤ ቀን ደግሞ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እስክደርስ ድረስ ከእርሳቸው ዘንድ ትቆያለች። በዚህ ላይ የተነጋገርንበት ነገር አልነበረም፣ ክፍያም አልነበረበትም፤ እንዲሁ በልማድ የቆመ ነገር ነበር። ቡናው ከቆመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እርሳቸውም መምጣቱን ተዉት፤ ልጄም እርሳቸው ጋ መሄድ ከብዷት በራችን ላይ ቁጭ ብላ እንደምትጠብቀኝ ዘግይቼ ዐወቅሁ። ልጠይቃቸው ስሄድ ገና ከደጃፍ «ልጄ፣ ምን አስቀየምሁሽ? ያንቺ ቤት ጭስ ከጠፋ ስንት ጊዜው!» አሉኝ። ወጪ ለመቀነስ መሆኑን ስነግራቸው እርሳቸው ዐዘኑ፣ እኔም ዐፈርሁ። በዚያን ሰሞን ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ ለመቅጠር እየተነጋገርን ነበር፤ የሠራተኛዋ ደመወዝ ደግሞ ለቡና እናወጣው ከነበረው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ስለዚህ እኅቴ፣ ቡናሽን ስትቆርጪ ከቡናው ጋር ምን አብሮ እንደሚቆረጥ አስቀድመሽ ተመልከቺ።

አሁን ረከቦቱ ወርዷል፤ አፈላላችን ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረን በሳምንት 2 ማታ በእኛ ቤት፣ 2 ማታ በእነርሱ ቤት በተራ እናፈላለን፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ቤተሰባችን ብቻውን ይጠጣል። በዚህ አኳኋን በወር 1 ኪሎ ሳንጨርስ እንከርማለን። ብስኩቱንና ከዳቦ ቤት የሚገዛውን ዳቦ ትተን የቡና ቁርሳችን የገብስ ወይም የሽንብራ ቆሎ ሆኗል። ቡናውን ሁልጊዜ ጥሬውን እገዛለሁ፤ የተፈጨው ምን እንደ ተቀላቀለበት በዐይን አይለይም፣ ደግሞም በሚቆላበት ጊዜ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ለእኔ ከመጠጡ የማይተናነስ ደስታ ነው። ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻችን ሲመጡ የዘጌን ቡና ያመጡልናል። ያ በጣና ዳርቻ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ በገዳማቱ ዙሪያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ሲገኝ ለእሑድ ብቻ አስቀምጠዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚጠጣ ይመስለኛል ልጆቹ እንኳ ሽታውን ለይተው ያውቁታል።

ወደ ቅቤው ልምጣ። ቅቤን ፈጽሞ አትተዪ፤ የምትገዢበትን ጊዜ ግን ቀይሪ። ረቡዕንና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም ስትደምሪው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ቅቤ በቤታችን አይበላም። እኔ ቀድሞ ቅቤ የምገዛው ሰው ሁሉ በሚገዛበት በበዓል ዋዜማ ነበር፤ ያ ደግሞ ዋጋው እጅግ የሚወደድበት ጊዜ ነው። አሁን የምገዛው በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ፈላጊው ሲቀንስና ዋጋው ረገብ ሲል ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ከማልለያት አንዲት የባላገር ደንበኛዬ 5 ኪሎ ለጋ ቅቤ እወስዳለሁ። ቅቤ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከማታውቂያት ሻጭ በአንድ ጊዜ ብዙ አትግዢ፤ ጥቂቱን ወስደሽ አቅልጠሽ ካየሽው በኋላ ብትመለሺ ይሻላል።

የገዛሁትን በዚያው ሳምንት በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በጥቂት አብሽና በእርድ አነጥረዋለሁ። 5 ኪሎው ሲነጠር 4 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፤ የጎደለው ውኃውና አንጉላው ነው፣ ቅቤን ቶሎ የሚያበላሹትም እነዚሁ ስለሆኑ በደንብ የነጠረ ቅቤ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። ዕቃው ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፣ የሚጨለፍበት ማንኪያም ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ልጄ እርጥብ ማንኪያ ከታበት ግማሹን ሻጋታ አበላሽቶብኛል። ሌላው የተማርሁት ነገር አጨማመሩ ነው። ሽንኩርቱን በቅቤ ከማቁላላት ይልቅ በዘይት አቁላልቼ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። ጠረኑ ከነነፍሱ ገበታው ላይ ይደርሳል፤ ቀድሞ በ3 ማንኪያ የማላገኘውን ጣዕም አሁን በአንድ አገኘዋለሁ።

ያለ ጸጸት የተውናቸው ብዙ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጭማቂ ከቤታችን ወጥቷል፤ ለየበዓሉ አዲስ ልብስ መግዛት ቀርቶ ለልጆቹ በዓመት አንድ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ብቻ ሆኗል፤ ዝናብ ካልሆነ በስተቀር በባጃጅ አንሄድም። የተፈጨ በርበሬና ሽሮ መግዛትም አቁመናል፤ የቡሬን ዛላ በርበሬ ወቅቱን ጠብቀን ገዝተን፣ ከጎረቤት ጋር ቀንጥሰን፣ ደልዘን እናስፈጫለን። ማኛ ጤፍንም ትተን ሠርገኛ መብላት ከጀመርን ወዲህ ማንም አልጎደለበትም። በጤፍ ነገር ግን አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የሠርገኛውም ወጪ በዛብን ብዬ የበቆሎ ዱቄት እኩል በእኩል ቀላቅዬበት እንጀራው በማግሥቱ እየተፈረፈረ በየቀኑ ይጣል ነበር። አሁን ለ4 እጅ ጤፍ 1 እጅ ዳጉሳ አደርጋለሁ፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ሳይደርቅ ይበላል።

አንቺ ያልጠየቅሽው፣ እኔ ግን ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጥሩ ጋቢ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን በክረምት ምን ያህል እንደምትበርድ ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። እኛ ሐምሌና ነሐሴን ለሙቀት ብለን ማታ ማታ ከሰል እናቀጣጥል ነበር። ይህ በወር አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ከሰል ይጨርስ ነበር፤ ከወጪው የከፋው ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው የሚገድል መሆኑ ነው፤ እኔም አንድ ሌሊት በራስ ምታት ነቅቼ በሩን በርግጄ ከወጣሁ በኋላ ከሰል ለሙቀት ብዬ ዳግመኛ አላስገባሁም። በዚያው ዓመት በጋ እናቴ ማጉን ስትፈትል ከርማ፣ ድሩን ከገበያ ገዝተን ለሸማኔ ሰጥተን አራት ድርብ የሆኑ 2 ጋቢዎች አሠራን። የሸማኔው ዋጋ በዚያ ወር በጣም ከብዶን ባለቤቴ «ይህ ነው ወይ ቁጠባው?» ብሎኝ እንደ ነበር አልክድሽም። ዛሬ ልጆቹ አንዱን ለሁለት ለብሰው ያጠናሉ፣ እርሱም ሌላውን ከትከሻው አያወርደውም። በእጅ የተፈተለ ማግ ያለው ጋቢ በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ብቻ በረኪና አታስነኪው፣ ክሩን ይበላዋል፤ ሲታጠብም አትጠምዝዢው፣ ውኃውን እንዲሁ አንጠፍጥፈሽ አስጪው።

ስለ ማኅበር ድግስም በአጭሩ ልጨምር። የጽዋ ማኅበራችንን ትቼ ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገሩን ሳነሣው ግን ከ12ቱ አባላት ብዙዎቹ እንደኔው ተጨንቀው ኖረዋል። በተራችን የምንደግሰው ጠላና ዳቦ ብቻ እንዲሆን፣ ወጥ እንዳይጨመር ሁላችንም ተስማማን። አንቺም በእንዲህ ያለ ማኅበር ካለሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት ጉዳዩን ለአባላቱ አንሺላቸው።

ሹሩባሽን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ «ይቅር» እንዳላለና አንቺው ራስሽ በጸጸት ልትተዪው እንደ ሆነ ጽፈሻል። አትተዪው። እኔ ለ5 ወር ትቼው ነበር፤ ያተረፍሁት ገንዘብ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ በወጉ አይበቃም ነበር፣ በየማለዳው መስተዋት ፊት የሚሰማኝ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውል ነበር። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ትሠራኛለች፤ እኔም ለ8ኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ አስጠናታለሁ። በግቢሽ እጇ የቀና ልጅ ካለች ጠይቂያት፤ ከሌለችም በየወሩ የነበረውን በየ6 ሳምንቱ አድርጊው፣ ከመተኛትሽ በፊትም ሻሽ እሰሪበት፣ እስከዚያ ሳይፈታ ይቆይልሻል።