የመንዝን ምሽት በጥቂት ዳታ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ክረምት ትዝ አለኝ። «መምህር ሆኜ መሐል ሜዳ ተመድቤአለሁ፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ብርዱ ከቤት አያስወጣም፤ የምገዛው ወርኃዊ የኢንተርኔት ጥቅል በሳምንቱ ያልቃል፤ ቤቴ ተቀምጬ በነፃ ወይም በትንሽ ወጪ የምዝናናበት ነገር ይኖር ይሆን?» ብለሻል። አለ። እኔም ዛሬ ደብረ ብርሃን ብኖርም እዚያው መንዝ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ምሽት እንዴት እንደሚረዝም አውቀዋለሁ።

ዳታሽን የሚበላው ምስል ነው። በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ ግን በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በሚያስጨርስሽ ዳታ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ትረካ ትሰሚያለሽ። ይህን ወረቀት ላይ ያሰላሁ ዕለት ነው ልማዴን የቀየርሁት።

ስለዚህ ከትረካ ጀምሪ። በቴሌግራም የአማርኛ ትረካ ሞልቷል፤ ደራሲው ወይም አሳታሚው ራሱ የለቀቀውን ብትመርጪ ደስ ይለኛል፤ የሰው ልፋት ነውና። ፋይሉን አንድ ጊዜ አውርደሽ ስልክሽ ላይ ካስቀመጥሽው አሥር ጊዜ ብትሰሚው ሳንቲም አያስወጣሽም። እንግሊዝኛሽንም ማዳበር ከፈለግሽ ሊብሪቮክስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ በነፃ የሚያቀርቡበት ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ባናዋን ተከናንባ ከከሰሉ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ድምፁ ጎላ ብሎ ቤቱን ይሞላዋል። የገብስ ቆሎው ይዞራል። ታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው ብቅ ሲል የእናቴ እጅ ቆሎው ላይ ይቆማል፤ «እግዚኦ!» ትላለች፤ እስኪያልፍ ድረስ አትዘግንም። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ «ነገ እኔ ሳልኖር እንዳትከፍቱት» ብላ አስጠንቅቃን ትተኛለች። ጠቅላላ ወጪው የ29 ሜጋባይት ዋጋ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምሽት አላውቅም።

ፊልም ሲያምርሽ የሌሊት ጥቅል ግዢ፤ ከቀኑ በጣም ይረክሳል። የሚወርደውን ቀን ላይ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፤ አለዚያ ሌሊቱ በፍለጋ ያልቃል። ጥራቱን 360 ላይ አድርጊው፤ በስልክ መስኮት ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ድምፅ አልባዎቹን የድሮ ፊልሞችም ሞክሪ። አሜሪካ ውስጥ ከወጡ 95 ዓመት ያለፋቸው ፊልሞች የሕዝብ ሀብት ስለሆኑ ብዙዎቹ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ቋንቋ አይጠይቁም፤ የጎረቤት ልጆች ቤቴ ተሰብስበው ሲያዩአቸው የሚስቁት ሳቅ እስከ መንገድ ይሰማል።

ልጄ ደግሞ ሊቼስ የተባለውን የቼዝ መጫወቻ ይወዳል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የሚተዳደረው በመዋጮ ነው። ዳታው ከቁጥር አይገባም፤ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ከስልኩ ጋር መጋጠም ይቻላል። ለነገሩ እኛም ሰንጠረዥ የሚባል የራሳችን ቼዝ ነበረን፤ ጨዋታው በወረራ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ለልጄ ከነገርሁት ወዲህ በካርቶን ሠርተን ወረራውንም እንጫወታለን።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው፣ ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚያስከትልበትን፣ ቴሌግራምም የመጣውን ሁሉ በራሱ የሚያወርድበትን ቅንብር ዛሬውኑ አጥፊ። እኔ ሳላጠፋው እንቅልፍ ወስዶኝ የገና ሰሞን የገዛሁት የወር ጥቅል በአንድ ሌሊት አልቋል። ሁለተኛው፣ «ነፃ ፊልም» ብሎ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ማስፈንጠሪያ ካገኘሽ አትንኪው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቁጥሯን አስገብታ በየቀኑ ሁለት ብር ሲቆረጥባት ወር ሞላው፤ ያስተዋልነው ሒሳቧ ሁልጊዜ ለምን እንደሚጎድል ስንመረምር ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ስልሳ ብር ማለት ናት።

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክሽን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ወዲያው ቻርጅ አድርጊ። ደመወዝ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ስትወርጂም ባዶ ሜሞሪ ካርድ ይዘሽ ነይ፤ እዚሁ ጻፊልኝና ያሉኝን ትረካዎች ገልብጬ እሰጥሻለሁ፤ ክረምቱን ያደርሱሻል።